ሀብታም ሆነው እንዳይገኙ

ውድ አንባቢ፣ ሀብታም ነዎት? አይደንግጡ፤ የገቢዎች ሰው አይደለሁም። የምጠይቅዎ ለእርስዎው ስል ነው። በዓለም ላይ «የሰው ሀብት ራሱ ይገበር» የሚል ክርክር ተነሥቷል። ክርክሩ ከፓሪስ ተነሥቶ ሰቆጣ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጅ ይሆናል፤ መንገዳችንም እንደሚያውቁት ነው። ቢሆንም ግብር መንገድ ጠፍቶት የቀረበት ዘመን የለም። ስለዚህ በዋግ ኽምራ ደጋም ሆነ ቆላ አንዳች ነገር ያለዎት ሰው ከሆኑ፣ ፍየል ይሁን ቀፎ፣ ጥማድ በሬ ይሁን የቆርቆሮ ቤት፣ ምክሬን ሰምተው ከወዲሁ ቢሰናዱ ይሻላል። ክፍያ አልጠይቅም፤ ገቢ ተብሎ እንዳይመዘገብብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገብርኤል ዙክማን የሚባል ፈረንሳዊ የምጣኔ ሀብት ምሁር አለ። የዓለም ቢሊየነሮች በየዓመቱ ከጠቅላላ ሀብታቸው ቢያንስ 2 በመቶ ይክፈሉ የሚል ጥናት በ2016 ዓ.ም. ብራዚል ስትመራው ለነበረው የቡድን 20 ስብስብ አቀረበ። በአገሩ በፈረንሳይም ሐሳቡ ከ100 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ላላቸው ተብሎ ሕግ ሊሆን ተሞከረ፤ የታችኛው ምክር ቤት በየካቲት 2017 አሳለፈው፣ ሴኔቱ በሰኔ ጣለው። የተቃዋሚዎቹ ነገር ሲጨመቅ ሦስት ነው። ሀብታሞቹ አገር ጥለው ይሄዳሉ፤ ሀብታቸው አክሲዮን ስለሆነ እጃቸው ላይ ጥሬ ገንዘብ የለም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአንድ ሰው ሀብት ስንት እንደሚያወጣ ገምቶ መድረስ አይቻልም። እነዚህን ሦስት መከራከሪያዎች አጥንተው ይያዙልኝ። ትልልቅ አገሮችን ያሸነፉ ናቸው፤ በፈረንጆቹ 1990 የሀብት ግብር የነበራቸው 12 የበለጸጉ አገሮች በዚያው አቆጣጠር በ2017 ወደ 4 ወርደው ነበር። ለፓሪስ ከሠሩ ለዋጉ ዝቋላ የማይሠሩበት ምክንያት አይታየኝም።

ከዚያ በፊት ግን የአገርዎን ሕግ ይወቁ። የሰው ሀብት አንድ ላይ ተደምሮ የሚጣልበት ግብር በኢትዮጵያ የለም። ወደዚያ የሚጠጋው የከተማ ቤት ግብር ነው፤ ሕዝቡ የጣሪያና ግድግዳ የሚለው። መሠረቱ በ1968 በወጣው አዋጅ ቁጥር 80 የተጣለ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ለዓመታት ተኝቶ የኖረውን የኪራይ ግምት በ2015 ቀስቅሳ ከፍ ስታደርገው የከተማው ሰው ከስንት ጊዜ በኋላ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ። በጥር 2017 ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጸደቀ። ይሄኛው ቤቱን ብቻ ሳይሆን ቤቱ ያረፈበትን የከተማ ቦታ የመጠቀም መብትንም ይመለከታል። እዚህ ላይ «መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ እንግዲያው ግብሩን ባለቤቱ ይክፈል» ብለው ሊከራከሩ ያምርዎት ይሆናል። ይተዉት። በዚህ ክርክር የረታ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ቤት ካለዎት ምክሬ አጭር ነው፤ አይጨርሱት። ግድግዳውን ሳይለስኑ፣ አንዱን መስኮት በቆርቆሮ ደፍነው፣ ከላይ ብረቱን እንዳንጨፈረረ ይተዉት። ገማች ሲመጣ «ገና ነው» ይበሉ። ልጅዎ እዚያው ቤት ተወልዶ፣ አድጎ፣ ሚስት ቢያገባበትም ቤቱ ገና ነው። ሁለተኛ ቤት ካለዎት ደግሞ በምንም ምክንያት «ትርፍ» የሚል ቃል ከአፍዎ እንዳይወጣ። ሐምሌ 1967 የወጣውን አዋጅ ቁጥር 47 የሚያስታውስ ሽማግሌ ካለ ይጠይቁት። ያ አዋጅ በመቶኛ አልተጨነቀም፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ትቶ የቀረውን ጠቅልሎ ወሰደ። ዙክማን ያን ጊዜ ገና አልተወለደም።

ባለሥልጣን ከሆኑ ግን የሚያሰጋዎ ነገር የለም። በአዋጅ ቁጥር 668/2002 መሠረት ሀብትዎን ያስመዘግባሉ፣ ማረጋገጫ ይቀበላሉ፣ ወደ ሥራዎ ይመለሳሉ። ተቆጥሮ የማይገበር ሀብት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

አሁን ወደ ፍየሉ እንምጣ፤ የእርስዎ መከራ ያለው እዚያ ነውና። የሀብትዎ ችግር መጮኹ ነው። አክሲዮን አይጮኽም፤ ማታ ወደ በረት አይገባም፤ ጎረቤት ማሳ ገብቶ ባለቤቱን አያሰድብም። ፍየል ግን ጠዋት በሰፈሩ ፊት ተሰልፋ ትወጣለች፣ ማታ በሰፈሩ ፊት ተሰልፋ ትገባለች። በየቀኑ ሁለት ጊዜ ሀብትዎን በይፋ አስመዘገቡ ማለት ነው።

መዝጋቢው ደግሞ አለ። ሴፍቲኔት በ1997 ከተጀመረ ወዲህ ማን ይታቀፍ፣ ማን ይቅር፣ ማን ይመረቅ የሚለውን የሚለይ ኮሚቴ በየቀበሌው ተቀምጧል። የታቀፈ ቤተሰብ አቅም ያለው አባሉ በወር አምስት ቀን እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ ክፍያውን በእህል ወይም በብር ይቀበላል። ለመታቀፍ ድሃ መሆን ያስፈልጋል፤ ድሃ መሆን ብቻውን ደግሞ አይበቃም፣ መታየት አለበት። ኮሚቴው መሬትዎን ያያል፣ በሬዎን ያያል፣ ፍየልዎን ይቆጥራል። ከፍ ብለው ከተገኙ ይመረቃሉ፤ ማለትም ከእርዳታው ይወጣሉ። ምረቃው ካባ የለውም፤ ፎቶ አይነሡበትም፤ ዘመድ አዝማድም እንኳን ደስ አለዎ ሊል አይመጣም። እንዲያውም የተመረቀ ሰው ሰፈር ውስጥ የሚታየው ሐዘን እንደ ደረሰበት ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ስድስት ፍየል እያለዎት ይታቀፋሉ እንበል፤ ሰባተኛዋ ስትወለድ ይመረቃሉ እንበል። ያቺ ግልገል ለቤቱ ያመጣችው ገና ጡት ያልተወች አንዲት ነፍስ ነው። ያስቀረችው የስድስት ወር ቀለብ ነው። ቢሊየነሩን 2 በመቶ ክፈል ቢሉት የአገር ምክር ቤት ተሰብስቦ ይነታረካል፤ ሰባተኛዋ ፍየል ከዋጋዋ በላይ ስትከፍል ግን አጀንዳ የያዘላት የለም። ለነገሩ ዓለም ሰቆጣን የሚያውቃት በዚህ በኩል አይደለም። በ2007 በስሟ የተጠራው ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የተገባ ነው። ለፍየሏ እናት ቃል የገባ የለም።

እንግዲህ ኮሚቴው በር ላይ ሲደርስ መልስ ያሰናዱ። ንግግሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሄዳል፦

«አያ፣ ፍየሎቹ ስንት ደረሱ?»

«የምን ፍየል? ያቺ አሮጊቷና ሁለት ግልገል ናቸው።»

«ቡሬዋስ?»

«ቡሬዋ የእኅቴ ናት። አደራ ነው።»

«ጥቁሩ ወጠጤስ?»

«እሱማ ለማርያም የተሳለ ነው። የእኔ ነው ብል ትቀየመኛለች።»

«ወዲያ ማዶ አማትህ ዘንድ ያሉት አራቱስ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነው። ከዝምታው በፊት የተናገሩትን ግን አይናቁት። በውጭ አገር ሀብታሞች ለዚህ ሥራ ጠበቃ ይቀጥራሉ፤ ንብረታቸውን በዘመድ ስም በአደራ ያስቀምጣሉ፣ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቁመው ያዛውሩታል። እርስዎ ይህንኑ በቡሬዋና በወጠጤው ያለ ጠበቃ ሠርተውታል። ልዩነቱ የእርስዎን ኮሚቴ ማታለል አለመቻሉ ነው። ጠያቂዎ የክርስትና ልጅዎ አባት ነው፤ ልጁ ከልጅዎ ጋር አብሮ ይጠብቃል፤ ቡሬዋ የወለደች ሌሊት ፋኖስ ይዞ የመጣው እሱ ነው። የእኅትዎ እንዳልሆነች ያውቃል፣ እንደሚያውቅ እርስዎም ያውቃሉ። ያም ሆኖ አንዳንዴ ሦስት ብሎ ይጽፋል፤ በሚቀጥለው ቆጠራ እርስዎ የእሱን ሲቆጥሩ ሦስት እንዲሉለት።

ደግሞ አንድ ቁጥር ብቻ ይዘው እንዳይኖሩ። በዋግ ጠንቃቃ ሰው ቢያንስ አራት ቁጥር ያስፈልገዋል። ለሴፍቲኔት ሦስት። ለብድር ሲሄዱ፣ ወደ ፀደይ ባንክ፣ ማለትም ቀድሞ አብቁተ እንለው ወደነበረው፣ አሥራ አምስት። ልጅዎን ለመዳር ሽማግሌ የመጣ ቀን ሠላሳ፤ ያን ዕለት ቡሬዋም ከእኅትዎ ቤት በክብር ትመለሳለች፣ የማርያም ወጠጤም ስለቱ ለጊዜው ይነሣለታል። ድርቅ ገብቶ የሞቱ እንስሳት ሲመዘገቡ ደግሞ በሕይወት ሳሉ አይተዋቸው የማያውቁ ፍየሎች ሞተውብዎት ሊገኙ ይችላሉ። ከአራቱ ቁጥር የትኛው እውነት ነው ብለው የሚጠይቁኝ ከሆነ፣ ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ለእርስዎ አይደለም።

አደጋው ቁጥሮቹ ሲገናኙ ነው። አማቾችዎና ኮሚቴው አንድ ማኅበር የሚጠጡ ከሆነ ከጠላው ራቅ ይበሉ፤ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል የተባለው ያለ ነገር አይደለም። በማኅበር ማግሥት የተመረቀ ሰው አውቃለሁ።

እንግዲህ ያጠኑትን መከራከሪያ የሚሞክሩበት ጊዜ ደረሰ። በመጀመሪያ «ሀብቴ አለ እንጂ ጥሬ ገንዘብ የለኝም» የሚለውን እንውሰድ። የመሬት መጠቀሚያ ወይም የቀበሌ መዋጮ ሲጠየቁ ደረትዎን ነፍተው ይበሉት። «ገበያ ነገ ነው» ይባላሉ። ቀጥሎ «ከበዛብኝ አገር ጥዬ እሄዳለሁ» የሚለው አለ። ኖርዌይ ከጥቂት ዓመታት በፊት የሀብት ግብሯን ላይኛውን እርከን 1.1 በመቶ ስታደርስ አንዳንድ ባለጠጎቿ ወደ ስዊዘርላንድ ተሻገሩ። (ስዊዘርላንድም በየካንቶኑ የሀብት ግብር እንደምታስከፍል ስነግርዎ ግር ይበልዎት ይሆናል፤ ሀብታም የሚሸሸው ከግብር ወደ ቀለለ ግብር ነው።) የእኛም ሰው ይሰደዳል፣ ወደ ራያ፣ ወደ መተማ፣ ወደ ሑመራ፤ ሰሊጥ ሊያጭድ። ነገር ግን የሚሄደው ዱላውን ይዞ ነው፤ ሀብቱ እየጮኸች እዚያው ትቀራለች። የሄደም ሰው ቀበሌው «እባክህ ተመለስልን» ብሎ ሲለምነው አላየሁም።

ሦስተኛው ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። «የሰውን ሀብት መገመት አይቻልም» ይላሉ፤ የሚሉትም የተማሩ ሰዎች ናቸው። አንድ ያልተሸጠ ኩባንያ ስንት ያወጣል? አንድ የግድግዳ ሥዕል ስንት ያወጣል? አይታወቅም፣ አከራካሪ ነው፣ ወጪው ብዙ ነው። መልካም። ታዲያ ዝቅ ያለች የቀበሌ ጎጆ ውስጥ የተቀመጡ አምስት ሰዎች፣ ያለ ኮምፒዩተር፣ የሰፈሩን ሀብት እስከ ዶሮዋ ድረስ ቆጥረው ማን ከማን አንድ ፍየል እንደሚበልጥ በሁለት ቀን ለይተው የሚወጡት በምን ተአምር ነው? ተአምር የለበትም። ድሃን ለመገመት ፈቃድ አለ፤ ሀብታምን ለመገመት ጥናት ያስፈልጋል። ይህን በቁጣ የምናገረው አይደለም። ምክር እየሰጠሁ ነው፤ ከሁለቱ የትኛው ወገን መሆን እንደሚሻል እንዲያውቁ።

የሀብትዎን ዓይነት መለወጥም ያስቡበት። የዋግ ነጭ ማር ስሙ የታወቀ ነው፤ ንብ ደግሞ አትጮኽም፣ ቁጥሯን ኮሚቴ አይደርስበትም፣ ከሌላ ቀበሌ አበባ ቀስማ የምታስገባው ለእርስዎ ነው። ችግሯ አንድ ነው፤ ድርቅ ሲገባ እንደ ኖርዌይ ባለጠጋ ቀፎውን ትታ ትነጉዳለች። ጥሬ ብር በማሰሮ ቀብሬ ላኑር ካሉም አልከለክልዎትም። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር የተለቀቀ ጊዜ ግን የማሰሮው ብር ከተቀበረበት ሳይወጣ ቀለለ። ያን ያህል ግብር ለመሰብሰብ ገማችም ኮሚቴም አላስፈለገም፤ ምክር ቤትም አልተሰበሰበም። ፍየሏ ያን ሰሞን ዋጋዋ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ ስለዚህ ጩኸቷን ቢችሉት ይሻላል።

አባቶቻችን በዚህ ነገር ምን አደረጉ የሚሉ ካሉ፣ የተሻለውን ያደረጉት የዋግ ገዥዎቹ ዋግሹሞች ናቸው። በትውፊት እንደሚነገረው የዛጉዌ ዘር ዙፋኑን ለይኩኖ አምላክ ሲለቅ ዋግሹሙ በብር ወንበር የመቀመጥና የብር ነጋሪት የማስጎሰም ክብር ተጠብቆለት አገሩን ይዞ ቀረ። ሀብትን በሕግ ለማስጠበቅ ከዚህ የሚበልጥ ዘዴ የለም፤ ቅድመ አያትዎን በ13ኛው መቶ ዘመን መምረጥ ብቻ ነው። ይህ ካመለጥዎት ከባላገሩ ወገን ነዎት ማለት ነው። ባላገሩ ከአፋር መጥቶ ሰቆጣ ገበያ በሚወርደው አሞሌ ጨው ሲነግድ በየኬላው ቀረጥ ከፍሏል። የዘመተ ጦር ቤቱ ገብቶ ሲበላበት ኖሯል። ዓፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ አሥራት ሲደነግጉ ምክንያቱ ይኸው ነበር፤ ወታደሩ ከባላገሩ ጓዳ ወጥቶ ከጎተራ እንዲበላ። አሥራቱ በ1960 በእርሻ ገቢ ግብር ሲተካ ደግሞ ጎጃሞች «ማሳችን ገብታችሁ አትገምቱም» ብለው ሸፈቱ፤ መንግሥት ጦር ልኮ ኋላ ራሱ ወደ ኋላ አለ። መገመት አይቻልም የሚለው ክርክር በባላገር አፍ ሲሠራ የማውቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በምንሽር የታገዘ ነበር። ምንሽሩን ግን አልመክርም።

መሬትዎንም በሚመለከት በንጉሡ ዘመን ለም፣ ለም ጠፍ እና ጠፍ የሚባል ምደባ ነበር፤ ግብሩ እንደየደረጃው ይለያያል። ያ ምደባ ዛሬ ቢመለስ ለዋግ ሰው በረከት ነበር። ገማቹን ወደ ማሳው ይዞ መሄድ ብቻ ነው፤ ድንጋዩ ራሱ ይመሰክርልዎታል።

እውነቱን ለመናገር ግን በዋግ ሀብትን ሲያስገብሩ የኖሩት በአዋጅ የመጡት አይደሉም። በ1977 የመጣው ድርቅ በሬውንም ገበሬውንም ወሰደ። በ2008 ተመለሰ። በ2016 በሰሃላ፣ በዝቋላና በአበርገሌ ከብቱ በየሜዳው ወደቀ። በ2013 ክረምት የገባው ጦርነት ደግሞ ከበረት የነዳውን ነድቶ፣ ያረደውን አርዶ፣ ደረሰኝ ሳይሰጥ ሄደ፤ ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀለው ሰው ሰቆጣ መጠለያ ገብቶ ስንት ፍየል እንደነበረው ሲጠየቅ የሚሰጠው ቁጥር እውነተኛው ነው። አምስተኛ ቁጥር አለ ማለት ነው። ይህኛውን የሚናገር ሰው ሲያጋጥምዎት በእኔ ምክር መሠረት ቀንሶ ወይም ጨምሮ እንደሆነ አይጠርጥሩ።

አዲስ አበባ ሕንፃ ያቆመው ዘመዳችን ይህን የሚያነብ ከሆነ ለእሱም አልነፍገውም። አዲሱ የንብረት ታክስ መጣሁ ሲል ግምት አስቸገረኝ፣ ገማቹ በደለኝ ካለ፣ አንድ ቀን ሰቆጣ ይምጣና ለቀበሌያችን ኮሚቴ ጉዳዩን ያቅርብ። ሁለት እናቶች፣ አንድ ቄስ፣ አንድ ሽማግሌና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ይቀመጡለታል። አቦል ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ ይጨርሱለታል። መልሱን ግን አስቀድሞ ቢያስብበት ጥሩ ነው። «ሕንፃው የማን ነው?» ሲሉት እንደ ልማዱ «የእኅቴ ነው» ያለ እንደሆነ፣ እኅቱ እዚሁ እኛ ዘንድ በወር አምስት ቀን እርከን እየሠራች ነውና፣ ሠራተኛው መዝገቡን ገልጦ እሷን ያስመርቅበታል።